በካሬ ሦስት ኪሎ ገብስ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚገባ ነጋዴ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ከተሞቹን ሲያልፍ በግራም በቀኝም የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ሜዳ። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በግ የሚሰማራበት፣ ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ። ይኸው ነጋዴ ከተማ ገብቶ ለመኖሪያ ወይም ለመጋዘን የሚሆን 200 ካሬ ሲያፈላልግ ግን የሚያገኘው መልስ «ቦታ የለም» ነው። ቀጥሎም ደላላው ጠጋ ብሎ ቦታ እንዳለ፣ ካርታ ብቻ እንደሌለው ያጫውተዋል።

መሬት ተትረፍርፎ ቦታ የሚጠፋበት ገበያ እንግዳ ገበያ ነው። አማርኛችን ሁለቱን ቃላት መለየቱ ነገሩን ያቀልልናል። መሬት የእግዜር ሥራ ነው (ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ይለዋል)፤ ቦታ ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። መሬት ቦታ የሚሆነው ሲለካ፣ ሲሸነሸን፣ መንገድ ሲወጣለትና ወረቀት ሲሠራለት ነው። በደብረ ብርሃን የተወደደው ወረቀቱ ነው። የወረቀቱን አቅርቦት ያጠበበው ደግሞ የከተማ ፕላን መኖሩ ሳይሆን፣ ፕላኑ በማያስፈልገው ላይ ሲጠብቅ በሚያስፈልገው ላይ መላላቱ ነው እላለሁ። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ሂሳብ ያስፈልገናል።

በመጀመሪያ ግን ፈላጊው ከየት መጣ? ደብረ ብርሃን ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስሟ የሚነሳ ከተማ ብትሆንም ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በብርዷ፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ ቁርስ በሚቀምስባት ጣቢያነቷ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 65,231 ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ሥራ ጀመረ። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ሐበሻና ዳሽን የቢራ ፋብሪካዎቻቸውን ከፈቱ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ሁሉም ለማሽን፣ ለመማሪያ ክፍልና ለመጋዘን የሚሆን ቦታ በምደባና በሊዝ አገኙ። ተከትሏቸው ለመጣው ሠራተኛ፣ መምህር፣ ጥበቃና ሹፌር ግን በዚያው ልክ የተሸነሸነ የመኖሪያ ቦታ አልነበረም። ለፋብሪካ የሚሰጥ መሬት የፋብሪካውን ሠራተኛ ማደሪያ አብሮ ካላሰበ የነበረው ተከራይ ላይ አዲስ ተከራይ መጨመር ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ውጊያው እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ ከሰሜን የሸሸው ሕዝብ ደብረ ብርሃን ገባ። ከወለጋና ከሌሎች የኦሮሚያ አካባቢዎች የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም «ቻይና ካምፕ» በሚባለውና በሌሎች መጠለያዎች፣ አለዚያም በኪራይ ቤቶች ተጠለሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ከየወረዳው ወደ ዞኑ ዋና ከተማ የሚሸሸውን አበዛው። ይህ ሁሉ ሰው ውርጭ በሚያድርበት ደጋ ላይ ጣሪያ ይፈልጋል። የቤት ፍላጎት እንደ ልብስ ፍላጎት ለከርሞ የሚተላለፍ አይደለም፤ ሰው የትም ቢሆን ዛሬ ማታ ያድራል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ።

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የከተማ ልማት መሥሪያ ቤቶቻችን 30-30-40 የተሰኘ መርህ ይከተላሉ፤ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ስለዚህ ከአንድ ሄክታር ለግንባታ የሚተርፈው 4,000 ካሬ ነው። ሱቁን፣ ትምህርት ቤቱንና ቢሮውን ትተን ሁሉም ለመኖሪያ ዋለ ብንል እንኳ በ200 ካሬ ሲሸነሸን 20 ቤተሰብ ያስገባል፤ በ100 ካሬ ሲሸነሸን 40። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ይፈቅድ ነበር፤ በዚያ ስፋት ከሆነ 8 ቤተሰብ ብቻ።

10,000 ቤተሰብ ይስፈር ብንል በ200 ካሬ ስሌት 500 ሄክታር ይጠይቃል፤ በ100 ካሬ ግን 250። ልዩነቱ የባሶና ወራና ገበሬ 250 ሄክታር ማሳ ነው። በሄክታር 20 ኩንታል ቢታፈስ በየዓመቱ 5,000 ኩንታል ገብስ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የካሳው ገንዘብ፣ የውኃ ቧንቧው፣ የመብራት ምሰሶው፣ የጠጠር መንገዱ ርዝመት ሁሉ ከስፋቱ ጋር ያድጋል። ከተማው «በጀት የለኝም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ በጀቱን ከሚበሉት አንዱ ግን የግቢው ስፋት መሆኑን አይናገርም። ጓሮ ውስጥ ጎመን መትከል ደስ እንደሚል አልክድም። ሆኖም ስፋቱን ለመጠበቅ ስንል ከሁለት ቤተሰብ አንዱን ከወረፋው ውጭ አድርገነዋል።

«ታዲያ ለምን ወደ ላይ አንሠራም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ኮንዶሚኒየም በክልል ከተሞችም ተሞክሯል፤ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ዕድል የነበረው ዕጣ፣ ለክልል ከተማው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ከአቅም በላይ የሆነ ዕዳ ሆነበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የብረቱንና የሊፍቱን ዋጋ እናንተው ታውቁታላችሁ። አራት ፎቅ የሚሠራበት ጊዜና ቦታ አለው። አነስተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ ግን ቤቱን የሚሠራው በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ ነው፤ ባንክ የለውም፣ ያለው ዕቁብ ነው። ፎቅ ደግሞ በዕቁብ ተከፋፍሎ አይሠራም።

የሊዙ በርና የጓሮው በር

ሕጋዊው በር ሁለት ነው፤ ጨረታና ምደባ። የሊዝ ሥርዓቱ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ ታውጇል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በጨረታ አሸናፊው የሚለየው 80 በመቶ በሰጠው ዋጋ፣ 20 በመቶ በቅድሚያ ክፍያው መጠን ነው። ግልጽ ሥርዓት ነው፤ ለንግድ ቦታም ይስማማል። ለመኖሪያ ሲሆን ግን አንድ ችግር አለበት። የዋጋ ግሽበት በበረታበት አገር ቦታ ቤት መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ማስቀመጫም ነው። የዚህ ገጽ አንባቢ የሆነ ነጋዴ የዘንድሮ ትርፉን ባንክ አስቀምጦ ከሚሟሟበት ደብረ ብርሃን ላይ 200 ካሬ መያዝ ይሻለዋል፤ አይፈረድበትም። ጥቂት ቦታ በሚወጣበት ጨረታ ላይ ታዲያ ቤት የሚፈልገው መምህርና ብሩን የሚያስቀምጥበት ያጣው ነጋዴ እኩል ይቀርባሉ፤ ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ምደባው በማኅበር ነው። ሰዎች ይደራጃሉ፣ በዝግ ሂሳብ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፣ ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያስቀመጡት ብር ሲሚንቶ የመግዛት አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ለመደራጀት ደግሞ የቀበሌ መታወቂያና የነዋሪነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ትናንት ለመጣ ተፈናቃይ ይህ በር ከነጭራሹ ዝግ ነው።

የጓሮው በር ግን ክፍት ነው፤ በከተማውና በገጠሩ ወሰን ላይ ያለው ገበሬ ማሳ። ይህን በር የሚከፍተው የገበሬው ስግብግብነት ወይም የደላላው ተንኮል ነው የሚሉ ባለሥልጣናት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ገበሬውን ወቀሳ ከመሰንዘሬ በፊት ሂሳቡን ልሥራለት።

በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ካሳው የሚታሰበው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተነስቶ በ15 ተባዝቶ ነው። የቀድሞው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ነበር የሚያባዛው፤ ስለዚህ መሻሻል አለ። ለስሌት ያህል አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ማለትም 2,500 ካሬ ያለው ገበሬ እንውሰድ። በሄክታር 20 ኩንታል በሚለው ስሌት ከጥማዱ 5 ኩንታል ገብስ ያገኛል። በ15 ሲባዛ 75 ኩንታል። ጭዱንና ሌላውን ድጋፍ ለጊዜው ትተን 75 ኩንታሉን ለ2,500 ካሬ ስናካፍለው በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገብስ ይደርሰዋል።

የደብረ ብርሃንን የካሬ ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ጋዜጣው ታትሞ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ይለወጣልና። ነገር ግን በጓሮ በር የሚገዛው ሰው ለአንድ ካሬ ከ3 ኪሎ ገብስ ብዙ እጥፍ እንደሚከፍል አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ያውም ካርታ ለሌለው። ገበሬውም ያውቃል። የከተማው ወሰን በየጊዜው እየሰፋ እንደሚሄድ፣ ተራው ሲደርስ ማሳው በገብስ ተሰልቶ እንደሚወሰድ፣ ያው ማሳ በሊዝ ጨረታ ላይ በምን ዋጋ እንደሚወጣም ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው ከቀያሹ ቀድሞ ቢሸጥ ምን ይደንቃል? ውሉ ደግሞ ሽያጭ አይባልም፤ መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥቱ ስለተከለከለ «ብድር»፣ «ስጦታ» ወይም «ኪራይ» ይባላል። ሽማግሌ ይፈርማል፣ አጣናና ቆርቆሮ ማታ ይገባል፣ ጠዋት ቤት ቆሟል። ጨረቃ ቤት የተባለውም ለዚህ ነው።

ክልከላው ወጪውን ለማን አስተላለፈው ብለን እንጠይቅ። መሬቱን አላዳነም፤ ማሳው ተቆርሷል። ዋጋውን አላወረደም፤ ገዢው ለስጋቱ ጭምር ይከፍላል፣ አስፈራሪው ብዙ ስለሆነ ዝም ማሰኛውም ተደማሪ ነው። ገበሬው ቢሸጥም በችኮላና በድብቅ ስለሆነ ከሙሉ ዋጋው ያነሰ ያገኛል። ማዘጋጃ ቤቱ ከሊዝም ከግብርም አንድ ሳንቲም አያገኝም። በመሐል ያለው ልዩነት የሚቀረው መረጃ ባለው ሰው እጅ ነው፤ ማሳው መቼ እንደሚከለል፣ የትኛው ጎን መንገድ እንደሚሆን፣ የትኛው ሹም ዓይኑን እንደሚጨፍን በሚያውቀው።

አፍርሶ መመለስ

የእስከ አሁኑ መልስ ሁለት መልክ ነበረው፤ ማፍረስና ምሕረት። ማፍረሱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሐና ማርያም አካባቢ ሰኔ 2008 ዓ.ም. የሆነው ይታወሳል። ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው በዚሁ መንገድ ላይ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ የካቲት 2011 ዓ.ም. የፈረሱት ቤቶችም እንዲሁ። የፈረሰ ቤት ለአገር ንጹሕ ኪሳራ ነው፤ ቆርቆሮው ተጣሞ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፣ ብሎኬቱ ዱቄት ይሆናል፣ ቤተሰቡም አይጠፋም። ሌላ ወሰን ላይ፣ ሌላ ገበሬ ዘንድ፣ በተበደረው ገንዘብ እንደገና ይጀምራል። ጎጆውን እንጂ ፍላጎቱን ያፈረሰ ግሬደር የለም።

ምሕረቱ ደግሞ በየጊዜው ይመጣል። አዲስ አበባ ከ1988 እስከ 1997 ዓ.ም. የተያዙ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን በአየር ፎቶግራፍ እየለየች ሥርዓት ለማስያዝ ሞክራለች፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅም ከእሱ በፊት ያለ ፈቃድ ለተያዙት ተመሳሳይ በር ከፍቷል። ሰብዓዊነቱ አያከራክርም። ይሁንና ገበያው ከእያንዳንዱ ምሕረት አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ ፎቶው እስኪነሳ ቤት ይዞ የጠበቀ ያገኛል፣ በዝግ ሂሳብ ቆጥቦ የተሰለፈ ያጣል። ከዚህ በኋላ ሕግ አክባሪውን ሞኝ የሚለው ደላላ ብቻ አይሆንም።

ፕላን ይቅር ወይ?

ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው «እንግዲያው ፕላን የሚባለው ነገር ይቅር» ወደሚል መደምደሚያ ሊያዘነብል ይችላል። አልስማማም። ያለ መንገድ የተሠራ ሰፈር ርካሽ የሚመስለው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። እሳት ሲነሳ መኪና የማይገባበት፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትወጣበት፣ ቧንቧ ለማስገባት አሥር አጥር የሚፈርስበት ሰፈር ወጪው ከአሥር ዓመት በኋላ ይመጣል፤ ያኔ ከፋዩ ከተማው ነው።

በዚህ ላይ ከታንዛኒያ አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መንግሥት በዓለም ባንክ ድጋፍ በዳሬሰላምና በሌሎች ከተሞች ሁለት ዓይነት ሥራ ሠርቶ ነበር። በአንዱ ወገን ባዶ መሬት ላይ መንገድና ውኃ አስቀድሞ ዘርግቶ ትንንሽ ቦታ ሸንሽኖ ለነዋሪው ሰጠ፤ ቤቱን ነዋሪው በአቅሙ ሠራው። በሌላው ወገን ቀድሞ ያለ ፕላን የተሠራ ሰፈር ውስጥ ገብቶ መንገድና ውኃ አሟላ። የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ምሁር ጋይ ማይክልስና ባልደረቦቹ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሁለቱን ሲያነጻጽሩ አስቀድመው የተሸነሸኑት ሰፈሮች፣ ለምሳሌ የዳሬሰላሙ ሲንዛ፣ የመሬት ዋጋቸውም የቤታቸው ጥራትም በእጅጉ በልጦ ተገኘ። መንግሥት እዚያ ቤት አልሠራም፤ መሥመር ነው ያሰመረው።

ሁሉም ክልከላ ይላላ የሚል ካለ ደግሞ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ አንኮበርን ይመልከት። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ሳለች ቤተ መንግሥቱ ከተራራው አናት፣ የሕዝቡ ቤት በተዳፋቱ ላይ ነበር። የዛሬው የወረዳው ከተማ ጎረቤላም የተቀመጠው በዚያው በደጋው ጠርዝ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደል ራስጌ ነው። እዚያ ደግሞ ሜዳ የለም፤ ዝናቡ ሲበረታ አፈሩ ይንሸራተታል፣ ከጎኑ የወፍ ዋሻ ደን አለ፣ ታሪካዊው ስፍራም መከበር አለበት። በአንኮበር ተዳፋት ላይ «አትሥራ» የሚል ሕግ የሰው ሕይወት ያድናል። ለአንኮበር ገደል የሚገባውን ጥብቅነት ለደብረ ብርሃን ሜዳ መስጠት፣ ለደብረ ብርሃን ሜዳ የሚበቃውን ልቅነት ለአንኮበር ገደል መስጠት፣ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ብሔራዊ የከተማ ፕላን አዋጃችን (574/2000) ለሁሉም ከተማ አንድ ነው፤ ፕላኑን የሚሠራው ባለሙያ ግን መሬቱን ረግጦ ማየት ይችላል።

ታዲያ ምን ይጥበቅ፣ ምን ይላላ? በደብረ ብርሃን ሦስት ነገሮች ያለ ምሕረት ይጥበቁ፤ የዋና ዋና መንገዶች መሥመር፣ የበሬሳ ወንዝና የገባሮቹ ዳርቻ፣ የመጠጥ ውኃ መገኛው። በእነዚህ ላይ ቤት የሠራ በማግሥቱ ይነሳ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አይሁን። ክልከላው ጥቂት ሲሆን ጠባቂውም ይበቃል፣ ጉቦውም ይቀንሳል። ሁሉ ነገር የተከለከለበት ከተማ ላይ ደንብ አስከባሪው የትኛውን ጥሶ የትኛውን እንደሚያልፍ የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው፤ ምርጫው ደግሞ ዋጋ አለው።

የቀረው ይላላ። የቤት ደረጃውን እንውሰድ። በብዙ ከተሞቻችን ፈቃድ የሚጠየቅበት ቤት በብሎኬት፣ በተወሰነ ጊዜ ያለቀ፣ ሲቻልም ፎቅ የሆነ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ግን በጭድ የተቦካ የጭቃ ግድግዳ ከብሎኬቱ የተሻለ ይሞቃል፤ ዋጋውም የትየለሌ ይቀንሳል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ራሱ ባለ አንድ ወለል ቀላል ቤቶችን «ምድብ ሀ» ብሎ ለይቷቸው ነበር፤ ለእነዚህ ፈቃዱ በአንድ መስኮት፣ በጥቂት ቀን ቢያልቅ ምን ይጎድላል? ሠራተኛው ዘንድሮ አንድ ክፍልና ሽንት ቤት፣ ለከርሞ ሁለተኛውን ቢሠራ ከተማው አይፈርስም።

መንገዱን በተመለከተ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ሐዋሳና አዳማ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር የሞከሩት ሥራ አለ። ከተማው ወደፊት ወደሚሰፋበት አቅጣጫ ሰፋፊ ዋና መንገዶችን በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት እያሰመሩ፣ መንገዱ ሳይሠራ መሬቱን ብቻ አስቀድሞ መያዝ ነው ሥራው። ኒውዮርክ ራሷ በ1811 ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ያኔ አብዛኛው የማንሃታን ደሴት እርሻ ነበር። አስፋልት ውድ ነው፤ ችካል ግን ርካሽ ነው። ችካሉ ከተተከለ ጨረቃ ቤት እንኳ ቢሠራ ከመንገዱ ወዲህ ወይም ወዲያ ሆኖ ይሠራል፤ ከዓመታት በኋላም ለቧንቧው ማለፊያ አይጠፋም።

ገበሬውስ? በገብስ ከምንሰላለት በቦታ እንካፈለው። ከላይ ያነሳነው ባለ አንድ ጥማድ ገበሬ 2,500 ካሬው በ40 በመቶ ስሌት 1,000 ካሬ ለግንባታ ይተርፈዋል፤ በ100 ካሬ ሲሸነሸን 10 ቦታ። ከ10ሩ ሁለቱ ካርታ ወጥቶላቸው በስሙ ቢቀሩ፣ ስምንቱ ደግሞ በመነሻ ዋጋ ለተመዘገበ ፈላጊ ቢተላለፉ፣ ካሳውም ቢከፈለው ገበሬው ከቀያሹ የሚሸሽበት ምክንያት ይጠፋል። እንዲያውም ቀያሹን ጠርቶ ጠላ የሚያጠጣው እሱ ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 1161 ለባለይዞታው ቅድሚያ የማልማት መብት መስጠቱ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ሩቅ አይደለም። ጃፓንና ኮርያ ብዙ ከተሞቻቸውን ያሰፉት በተመሳሳይ ዘዴ ነው።

የከተማው ገንዘብ ያዥ የሚያነሳው ክርክር አለ፤ ጨረታው ከቀረ ከሊዝ የሚገኘው ገቢ ይወርዳል የሚል። ለአንድ ቦታ ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን ዛሬ በጓሮ በር ከሚያልፈው ሽያጭ ከተማው የሚያገኘው ዜሮ መሆኑን ይርሳው እንዴ? በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ሊሰበስብ የሚችለው ከተመዘገበ ቤት ነው። ጨረታው ደግሞ አይጥፋ፤ ለንግድ፣ ለሆቴልና ለመጋዘን ይሁን፤ እዚያ ላይ የቻለ ይክፈል።

የተፈናቃዮቹን ጉዳይ ለብቻው ያነሳሁት በማኅበርም በጨረታም ስለማይገቡ ነው። ይመለሳሉ እየተባለ ለዓመታት በሸራና በሼድ ውስጥ ማቆየት ለእነሱ መከራ፣ ለከተማውም ወጪ ነው። የሚመለስ ይመለስ። የማይመለሰው ወይም መመለሻው ያልታወቀው ግን በነዋሪነት ተመዝግቦ፣ መንገድ የወጣለት ጠባብ ቦታ ላይ በጊዜያዊ የይዞታ ወረቀት የጭቃ ቤት ቢሠራ፣ ወረቀቱን ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ቢከለከል፣ የሚፈራው «ነገ ከነገ ወዲያ አይነሳም» የሚለው ስጋት ይቀልላል፤ በመሥመር የተሠራ ሰፈር ማንም ይኑርበት ማን ለከተማው ይጠቅማልና። በካምፑ ውስጥ ያሉት ግንበኛ፣ አናጢ፣ ሸማኔና ነጋዴ መሆናቸውንም መዘንጋት አይገባም፤ ሙያተኛ አድራሻ ከሌለው ደንበኛም ብድርም አያገኝም።

ለደላሎችና ቦታ ይዘው ለተቀመጡ አንባቢዎቼ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ትንንሽ ቦታ በብዛት መውጣት ከጀመረ የወረቀት አልባው ቦታ ዋጋ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ባለ ካርታው ባዶ ቦታም ይከተለዋል። ከፍ የሚለው ቤት የተሠራበት፣ መንገድ ዳር ያለ፣ ሱቅ የሚከፈትበት ነው። ሰው ሲሰፍር ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ፣ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ከቦታ ወደ ንግድ ይሸጋገራል። የሁለት ዓመት ዝቅተኛ የኪራይ ውል ያስገደደውና ጭማሪን በዓመት አንዴ የገደበው የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ (1320/2016) ሊያመጣ ያልቻለውን ቅናሽ፣ ሁለት ሺህ አዲስ ክፍል ገበያ ላይ መውጣቱ ሊያመጣው ይችላል።

ሥራው የሚጀመርበት ወቅትም አለው። ገብሱ በማሳ ላይ ሳለ መለካት ካሳውንም ጸቡንም ያበዛል። አዝመራው ከተነሳ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ያሉት ጥቂት ሳምንታት ለቀያሽ አመቺ ናቸው፤ መሬቱ ደረቅ ነው፣ አጣናም በቀላሉ ይጓጓዛል። ለጨረቃ ቤት ሠሪም አመቺ የሆኑት እነዚያው ሳምንታት ናቸው።